አፈር ያልነካችው

የጓደኛዋ የሆሳዕና ወንድም ኦብሳ ከበር ለሁለተኛ ጊዜ ክላክስ ሲያደርግ ብፅዓት ባዶ ፌስታል ይዛ የእንጆሪው መደብ አጠገብ ተንበርክካ ነበር። ስድስቱ እንጆሪዎች ጠውልገው ተኝተዋል፤ የቅጠላቸው ዳር በጥርስ የተቆራረሰ ይመስላል። ደህና የሚመስለው ሰባተኛው ብቻ ነው።

የተከሉት እሷና ሆሳዕና ነበሩ። የሆሳዕና እናት ለሥራ ወደ ቢላ ከተማ ተዛውረው ልጃቸውን ይዘው ከሄዱ አራት ወር ሆነ። ሰፈራቸው ጨለለቂ ያለ ሆሳዕና ጭር ብሏል። ብፅዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዛሬም ሳታስበው እነሆሳዕና በር ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ ትዝ ይላትና ቶሎ ታልፋለች።

በየቅዳሜው ሆሳዕና ትደውላለች።

«እንጆሪያችንስ?»

«ፍሬ በፍሬ ሆኗል።»

«ሶባ!» ትላለች እየሳቀች። ሶባ በኦሮምኛ ውሸት ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል የደስታ ቃል ነበር። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ ብፅዓት ስትሰማው ትሸማቀቃለች።

እንጆሪዎቹ ውሃ የጠማቸው መስሏት ጠዋት ማታ ስታጠጣ ከርማለች። ትናንት የግብርና መምህሯ ጋሩማ መጥተው አንዱን ነቀሉት። ሥር የሚባል አልቀረውም፤ አፈሩ ውስጥ እግር የሌላቸው ነጫጭ ትሎች ተጠቅልለዋል።

«የሥር ነቀዝ ነው» አሏት።

«ነቀዝ የጎተራ አይደል እንዴ ቲቸር?»

«ይሄኛው ከታች ነው የሚበላው። ላዩ አረንጓዴ ነው ብለሽ እንዳታምኚው። አፈሩም ከዚህ ግቢ አይውጣ።»

ሆሳዕና ደግሞ ወንድሟን ኦብሳን ችግኝ ከነአፈሩ አምጣልኝ ብላ ልካዋለች። «እሱን ሳጠጣ ካንቺ ጋር ያለሁ ይመስለኛል» ብላለች በስልክ።

ብፅዓት የሰባተኛውን አፈር በጣቷ ጫር አደረገች። አንድ ነጭ ትል ብቅ አለ። ቶሎ መልሳ ሸፈነችው። ብትልከው ማን ያውቃል? ቢላ ደርሶ ቢሞት መንገዱ ነው የጎዳው ይባላል።

«ብፄ፣ ኮቱ! ነይ እንጂ፣ መሸብን!»

ያኔ ከችግኙ የወጣች ቀጭን ሐረግ አየች። ድንጋዩ ላይ ተንጠልጥላለች፤ ጫፏ ላይ ሦስት ቅጠል አላት፤ አፈር አልነካትም። ቆረጠቻት፣ ውሃ ባለው ሃይላንድ ውስጥ ከተተቻትና ወደ በሩ ሄደች።

«ስልክህን ስጠኝ» አለችው ኦብሳን።

ሆሳዕና አነሳች።

«ሆሲ፣ እንጆሪያችን አልቋል። ሦስት ሳምንት ዋሸሁሽ። ከነገርኩሽ መደወል የምትተዪ መስሎኝ ፈራሁ።»

«ሶባ» አለች ሆሳዕና፣ ሳትስቅ።

«ዱጋ። እውነቴን ነው።» ብፅዓት አፍንጫዋን ጠረገች። «አፈር ያልነካች አንዲት ሐረግ ተርፋለች፤ በኦብሳ ልኬልሻለሁ። በንጹሕ አፈር ትከያት።»

«ቅዳሜስ?» አለች ሆሳዕና።

«ቅዳሜ እኔ እደውላለሁ» አለች ብፅዓት። «ከእንግዲህ ‹እንጆሪያችንስ?› የምለው እኔ ነኝ።»