አንዳርጌን የተሸከሙት

ፀሐይ ገብታ ለዓይን ያዝ የሚያደርግባትን ሰዓት ታውቋታላችሁ? ነገሩ የሆነው በዚያች ሰዓት ነው። መንገዱ ዛፍ የለው፣ ቤት የለው፣ ኮረትና አቧራ ብቻ። ጠጋ በሉ እንጂ፣ ጮክ ብዬ አልናገረውም።

ዱሮ ነው። አንዳርጌ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከጣሪያ ወድቆ ወገቡ ስለተጎዳ እንደ ሰው ብስክሌት ላይ መቀመጥ አይችልም። በያጅ ወዳጁ ከሁለት አሮጌ ብስክሌቶች አንድ ጉድ ሠራለት። በጀርባህ ጋለል ትላለህ፣ እግርህን ወደፊት ዘርግተህ ፔዳሉን ትረግጣለህ። መንደርተኛው “አልጋው” አለው። “አንዳርጌ በአልጋው መጣ!” እያለ ይስቃል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ የሚመለሰው ከሰው ጋር ነው። የዚያን ቅዳሜ ግን ሚስቱን ዘርትሁንን ምጥ እንደያዛት ሰማ።

“ትንሽ ቆይ፣ አብረን እንሂድ” አሉት ገበያተኞቹ።

“ሚስቴ እያማጠች ምን እቆያለሁ?” ብሎ ብቻውን ወጣ።

ኮረቱ ያነጥረዋል። እግሩ ከፔዳሉ እየተንሸራተተ አስቸገረው። ምን አደረገ? እግሮቹን በጨርቅ ከፔዳሉ ጋር አሰረ። ነፋሱ አቧራውን አነሳበት። ምን አደረገ? ነጠላውን ከእግሩ እስከ ራሱ ለበሰ። ስስ ስለሆነ መንገዱ ይታየዋል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ተንጋሎ፣ እግሩ ታስሮ፣ ነጭ ለብሶ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?

በግራው በኩል ኮቴ ሰማ። “እንደምን አመሻችሁ?” አለ። መልስ የለም። በቀኙም ኮቴ ሰማ። “እንደምን አመሻችሁ?” አለ። መልስ የለም።

ከዚያ የኮረቱ ድምፅ ጠፋ። ፔዳሉን ይረግጣል፣ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል። ብስክሌቱ ግን ይሄዳል። ወዝ ወዝ እያለ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሄዳል።

“ይከብዳል” አለ አንዱ ከራስጌው።

“ገና ስላልቀዘቀዘ ነው” አለ ሌላው ከግርጌው።

አንዳርጌ ጮኸ። “ወንድሞቼ፣ አልሞትኩም! አለሁ! አውርዱኝ!”

አንድ የሽማግሌ ድምፅ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። “አይዞህ ልጄ። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም እንዲሁ ነበር ያልነው።”

ወደ አሮጌው መቃብር ታጠፉ። አንዳርጌ ከኪሱ ሴንጢ አወጣ፣ ጨርቁን ቆረጠ፣ ራሱን ወረወረ። ኮረቱ ላይ ተዘረረ። እነሱ ዞረው አላዩም። ባዶውን ብስክሌት ተሸክመው ሄዱ።

እየዳኸ፣ እየተነሳ፣ ሊነጋጋ ሲል ቤቱ ደረሰ። ሴት ልጅ ተወልዳለታለች።

“ብስክሌትህስ?” አለችው ዘርትሁን።

“ወሰዱት።”

“እነማን?”

ልጁን አንስቶ አቀፋት።

ሲነጋ ሰዎች ሄደው ብስክሌቱን መቃብሩ መሀል አገኙት። አጠገቡ አዲስ ጉድጓድ ተምሷል፣ ልኩ የአንዳርጌ ቁመት። በመንደሩ የሞተ የለም፣ የቆፈረም የለም። በድንጋይ ሞሉት። በማግስቱ ክፍት ነው። ደግመው ሞሉት። ክፍት ነው።

አንዳርጌ ሸምግሎ፣ ልጁን ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ ነው የሞተው፤ የተቀበረውም ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ እስኪሞት ድረስ አንድም ሌሊት በጀርባው ተኝቶ አያውቅም። ጉድጓዱ ግን ዛሬም ክፍት ነው። ታዲያ ማንን ነው የሚጠብቀው?

አንተ፣ በሩ ጋ ያለኸው! ቤትህ በዚያ በኩል አይደል? ከማን ጋር ነው የምትሄደው?

ብቻህን?

ተቀመጥ። ተቀመጥ አልኩህ! በሩን ዝጉት።