ማድረቂያ ክፍል

አስካለ ሥራ ከመግባቷ በፊት እንደ ታጠበ ልብስ በነፋስ ትደርቃለች። በግምጃ ቤቱ ደጃፍ ባለችው ጠባብ ሣጥን ውስጥ እጆቿን ዘርግታ ትቆማለች፤ ሞቃት ነፋስ ላቧን ከቆዳዋ ላይ ይመጥጥላታል። ቀጥላ ትንፋሽ ሰብሳቢዋን፣ ማለትም የአፍና የአፍንጫን እርጥበት የሚያስቀረውን ጭምብል፣ ታጠልቃለች። ጨረቃ ላይ በተቆረቆረችው በነጭ አምባ ከተማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስትሠራ አንድም ቀን ጭምብሏን ረስታ አታውቅም።

የምትጠብቀው አንድ ቀይ ሳህን ነው። የቻይና የእጅ ባለሙያዎች ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ላከር የሚባለውን የዛፍ ሙጫ ከቀይ ቀለም ጋር አዋህደው፣ እንጨት ላይ ከመቶ ጊዜ በላይ እየደራረቡ ቀብተው፣ ቅቡ ሲወፍር በቢላ ቀርጸውታል። ቅርጹ ላይ አንድ ሽማግሌ ሰገነት ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። በዙሪያው ያለው ቦታ ባዶ አይደለም፤ ሰማዩ በአንድ ዓይነት ጥልፍልፍ፣ ውሃው በሌላ፣ ምድሩም በሦስተኛ ተሞልቷል። የነጭ አምባ ሰማይ ጥቁር፣ ውሃዋ በቧንቧ ውስጥ፣ ምድሯም አመድ ነውና አስካለ ሦስቱንም የምታየው እዚህ ሳህን ላይ ነው። ስለዚህም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ተመልካች ድርሽ እንዳይል ከለከለች። የሰው ነገር ምኑ ይታመናል፤ አንዱ ያስነጥሳል፣ አንዱ ይደገፋል።

ያን ቀን ጠዋት ገላጭ ዓይኑን አበራች። መሣሪያው ሳህኑን ሳይነካ ቅቡን እንደ ሽንኩርት አንድ በአንድ እየገለጠ ያሳያል። ስድሳኛው ቅብ ላይ ሲደርስ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ። ስንጥቅ ነበር። ከሰማዩ ተነሥቶ ወደ ሽማግሌው እግር ይሄዳል፤ መሣሪያው ባሰላው መሠረት ቀኑ ሳይመሽ ሳህኑ ለሁለት ይከፈላል።

የአየር መሐንዲሱን ምንይችልን አስጠርታ፣ እርጥበት ገብቶበት መሆን አለበትና የክፍሉን አየር ማድረቂያ አጠንክርልኝ ብላ ለመነችው። እሱ ግን የገላጭ ዓይኑን ቁጥሮች አየና ይህን የማድረቅ ነገር ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት። ከጥንቱ መመሪያ የተተረጎመውን እንደ ዳዊት በቃሏ አለችለት፤ «እያንዳንዱ ቅብ በማድረቂያ ክፍል ይደርቃል።»

«እትዬ አስካለ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያ የጥንቱ ክፍል እኮ እርጥብ ነበር። ይህ ሙጫ እርጥበት ካላገኘ አይደርቅም። ውስጡ ያለው እንጨትም ደረቅ አየር ውስጥ ይኮማተራል። እኛ ማድረቅ ሲባል ውሃ ማውጣት መሰለን።»

«እና ይሄን ሁሉ ዓመት?»

«በውሃ ጥም ነው ያስቀመጥነው።»

ማድረቂያውን በገዛ እጇ አጠፋችና ጎድጓዳ ዕቃ ውሃ ሞልታ ወደ በሩ ሮጠች። በሩን የሚጠብቀው ሰው አይደለም፤ ሁሉም ጋሽ ዘበኛ የሚለው፣ የሚገባና የሚወጣውን የሚመዝን መሣሪያ ነው። ውሃ የያዘ ዕቃ አይገባም አላት። እርጥብ ፎጣ አመጣች፤ ይህም ውሃ የያዘ ዕቃ ነው አላት። ደንቡን ለማስቀየር የከተማው ምክር ቤት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ምንይችል እሱን ማግባባት ካዝና ማሳቅ ነው ብሎ ተስፋ ቆረጠ።

አስካለ እዚያው ቆማ አለቀሰች። እንባዋ አገጯ ላይ ወረደ፤ ጋሽ ዘበኛ ስለ እንባው ምንም አላለም። ያን ጊዜ ቀና አለች።

«እኔ መግባት እችላለሁ?»

«ይችላሉ።»

«ሳልደርቅስ? ያለ ጭምብልስ? ሰው አስከትዬስ?»

«እነዚያን ደንቦች ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የእንጉዳይ እርሻ ሠራተኞችን፣ የቧንቧ ጠጋኞችን፣ ጡረተኞችን፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ጠራች። አርባ ሰው ገባ። እጃችሁን ወደ ኋላ፣ አትደገፉ፣ ቀስ በሉ እያለቻቸው ሳህኑን ከበቡት። እዚያ ከነበሩት የሚበዙት ጨረቃ ላይ የተወለዱ ናቸው። አንዲት የእርሻ ሠራተኛ የትኛው ነው ውሃው ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። ሞገድ ሞገድ የሚለው ነው ሲሏት አጎንብሳ አየችው፣ ቀና ሳትልም ብዙ ቆየች። ከጎኗ ያለው ጡረተኛ ልጅ ሳለ ያየውን ወንዝ ማውራት ጀመረ፤ አንድ ቧንቧ ጠጋኝ ወንዝ እንደዚህ አይጠማዘዝም ብሎ ተከራከረው። አስካለ ሌላ ቀን ቢሆን ዝም በሉ ትል ነበር። አሁን አውሩ አለቻቸው፤ ሲያወሩ ትንፋሻቸው ይበዛል።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆሙ። የክፍሉ አየር ረጠበ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሰው ሸተተ። ምንይችል ዓይኑን ከመሣሪያው ሳይነቅል እጁን አነሣ። ስንጥቁ ከሽማግሌው ጫማ ሊደርስ የፀጉር ያህል ሲቀረው ቆሞ ነበር።

ሰዎቹ ሲወጡ ጋሽ ዘበኛ አስካለን በሩ ላይ አስቆማት።

«ሰዎቹ ሲገቡ ከነበራቸው ክብደት አራት ኪሎ ጎድሏል። ውስጥ የቀረ ነገር አለ?»

«አለ።»

«ይውጣ?»

«የለም፣ እዚያው ይኑር።»

«በምን ስም ልመዝግበው?»

አስካለ ወደ ሳህኑ ዞራ አየች። ትንፋሽ ልትል ነበር፤ ቃሉ አነሰባት።

«ሰው ብለህ ጻፍ፣» አለችውና ቀጣዮቹን አርባ ለመጥራት ወደ ኮሪደሩ ወጣች።