አባባ ሴሚሲ የሰፉት ካፖርት

ሴይኒ ያላትን ልብስ ሁሉ አልጋዋ ላይ ዘርግፋ ጨርሳለች። አያቷ አባባ ሴሚሲ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ዝርዝር ያነባሉ። ዝርዝሩ ዐሥራ አራት ነገር አለው። ሦስት ሹራብ፣ ሁለት ጂንስ፣ ረጅም ቦት ጫማ፣ እስከ ጉልበት የሚወርድ ካፖርት እያለ ይቀጥላል። ሳምንቱን ሙሉ ስልኳ ላይ ፎቶ ስታይ ከርማ አንድ በአንድ የመረጠችው ነው።

«ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው?» አሉ አባባ ሴሚሲ።

«ለአንድ ክረምት ነው፣ አባባ። እዚህ ክረምቱ እንደ ኑኩአሎፋ አይደለም።»

ሴይኒና እናቷ ካሊሲ ከሞቃታማዎቹ የቶንጋ ደሴቶች ወደ ቀዝቃዛዋ የባሕር ዳር ከተማ ኦማሩ ከመጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቷ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሸጊያው ክፍል ነው የምትሠራው። አባባ ሴሚሲ ግን የመጡት ገና በየካቲት፣ ሙቀቱ ሳይወጣ ነው። በቶንጋ ዋና ከተማ በኑኩአሎፋ፣ ገበያው አጠገብ አርባ አንድ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። የቤተ ክርስቲያን ኮት፣ የተማሪ ደንብ ልብስ፣ ወንዶች ወገባቸው ላይ የሚያገለድሙት ቱፔኑ፣ ያልሰፉት የለም። አሁን ሚያዝያ ተጋምሶ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ክረምቱ የሚገባበት ወቅት ነውና፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ መታየት ጀምሯል። ሴይኒ ደግሞ በአንድ በጋ አራት ጣት ያህል ተመዛለች። ያምና ጃኬቷ ክንዷ ላይ ቀርቷል።

ዝርዝሩን አልተቃወሙም። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አልጋው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ልብስ ለብሳ እንድታሳያቸው ጠየቁ። ለብሳ መቆም ብቻ አይበቃም። እጅሽን አንሺ፣ ቁጭ በይ፣ ጫማሽን እንደምታስሪ ሆነሽ ጎንበስ በይ ይሏታል። የማትንቀሳቀስበትን ልብስ ወደ ግራ፣ የሚሆናትን ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ቢነካካ የሚተርፈውን መሃል ላይ ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ ላይ ሴይኒ ተሰላችታ ነበር። ሁሉንም አውጥታ መጣል ነበር ሐሳቧ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን መሃል ያለው ክምር ከሁሉም በልጦ ተገኘ። የሱሪዎቿ ዘርፍ ውስጥ ገና ሊለቀቅ የሚችል ሦስት ጣት ጨርቅ አለ። እጅጌው ያጠረው ግራጫ ሹራብ ደግሞ ወደ ግራ ከተጣለው ሰማያዊ ሹራብ የእጅጌ ጫፍ ተቆርጦ ቢቀጠልለት ገና ሁለት ዓመት ይለበሳል። ስልኳ ላይ ስትመኘው ከሰነበተችው ባለ ሁለት ቀለም ሹራብ በምን ያንሳል?

ከዐሥራ አራቱ አራት ነገር ቀረ። ቦት ጫማ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ከሥር የሚለበስ ሙቅ ካናቴራ፣ እና ካፖርት።

«አሁን የብርዱን ነገር ንገሪኝ» አሉ። «የት ስትቆሚ ነው የሚበርድሽ?»

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ትንሽ አሰበችና አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ አለች። ለሁለት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ፣ ነፋሱ ከባሕሩ በቀጥታ ሲመጣ።

በማግስቱ ጠዋት ሴይኒ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ አባባ ሴሚሲ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቋት። ቱፔኗቸውን አገልድመው፣ ሰንደል ጫማቸውን በካልሲ አጥልቀው፣ ከላይ የእናቷን የሥራ ጃኬት ደርበዋል። አብሬሽ ልቁም አሉ። ማቆሚያው ጋ ደርሰው ለሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ። እሳቸው ዝም ብለው አልቆሙም፤ አንዴ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ፣ አንዴ ጀርባቸውን ይሰጣሉ። እጃቸውን ማጅራታቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ ወደ እጅጌያቸው ውስጥ ያስገባሉ። አውቶቡሱ ሲመጣ የኋላው መስኮት ላይ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች አዩዋቸው። አንደኛው ካልሲውንና ሰንደሉን በጣቱ አሳየ፤ ሙድ መያዛቸው ነበር። ሴይኒ ስልኳን አወጣችና አንገቷን ደፋች። ደኅና ዋሉ ሳትል ነው የገባችው።

ማታ እራት ላይ አባባ ሴሚሲ የጠዋቱን ውሎ አወሩ። ብርዱ መጀመሪያ የሚገባው በአንገት ነው፣ ቀጥሎ በእጅ አንጓ፣ ሦስተኛ ደግሞ፣ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ፣ ከሥር። ጀርባ ምንም አይሆንም።

«የሱቅ ካፖርት የሚያሞቀው ጀርባን ነው» አሉ። «ያንቺን እኔ እሰፋዋለሁ።»

ጨርቁ ተገኘ። የእናቷ የሥራ ባልደረባ ቤት ስትቀይር የሰጠቻቸው ሁለት የድሮ የሱፍ ብርድ ልብሶች ነበሩ። ወተት በሚመስል ነጭ ላይ አረንጓዴና የሰናፍጭ ቀለም ያለው ሰፋፊ መስመር ተሻግሮባቸዋል። ችግሩ፣ አባባ ሴሚሲ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ወፍራም ሱፍ ሰፍተው አያውቁም። ቶንጋ ውስጥ ማን ይለብሰዋል? በመጀመሪያው ቀን ከቶንጋ ያመጡት የስፌት መኪናቸው ሁለት መርፌ ሰበረ። ሴይኒ ይናደዳሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን የተሰበረውን መርፌ ብርሃን ላይ አነሱና ልክ እንደ አዲስ ተማሪ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ከብርድ ልብሱ ጥግ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆረጡ፤ አጠቧት፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ተኮሷት፣ በሜትር ለኩ፣ ምን ያህል እንደተኮማተረች ጻፉ። ሌላ ቁራጭ ቆርጠው ደገሙት።

ሴይኒ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤት ሥራዋን የምትሠራው እሳቸው በሚሰፉበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሒሳቡ ይልቅ እጃቸውን ነው ያየችው። ጠመኔውን በሁለት ጣት ብቻ ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ቆጥበው፣ አንዴ የሚያሰምሩት መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። መኪናው እምቢ ያለውን ቦታ በእጃቸው ሰፉት። ኮሌታውን ሦስት ጊዜ ፈቱት። ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ኑኩአሎፋ ውስጥ ሰው ሁሉ «መምህሬ» ብሎ የሚጠራው ሰው፣ ፈትቶ እንደገና ለመጀመር አለማፈሩ አስገረማት። እሷ አንድ ድርሰት ሁለቴ ጻፊ ብትባል ታኮርፋለች።

ካፖርቱ ሲያልቅ በልኳ የተሰፋ ብቻ አልነበረም፤ የሚበርዳትን ቦታ ሁሉ ያውቃል። ኮሌታው ሲቆም እስከ ጆሮዋ ይደርሳል። እጅጌው ውስጥ፣ ከውጪ የማይታይ፣ የእጅ አንጓን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ የሹራብ ጠርዝ አለው። ከታች ሲራመዱ የሚከፈት፣ ነፋስ ሲመጣ ግን ራሱን የሚደርብ እጥፋት ገብቶለታል። አረንጓዴው መስመር ትከሻዋ ላይ ጀምሮ ኪሱን አልፎ ሳይዛነፍ እስከ ዘርፉ ይወርዳል። እናቷ ካሊሲ ከሥራ እንደገባች አየቻትና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ዙሪ አለቻት፤ ደግማ ዙሪ አለቻት።

ትምህርት ቤት ሁሉም ደንብ ልብስ ነው የሚለብሰው፤ ከላይ የሚደረበው ካፖርት ግን የየራስ ነው። ስለዚህ ሰው ሰውን የሚያየው በካፖርቱ ነው። ሴይኒ ሰኞ ጠዋት ግቢው ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ያየቻት ብሪዮኒ ነች። ብሪዮኒ ቅርጫት ኳስ የሚመስለው የኔትቦል ጨዋታ ቡድናቸው አምበል ናት፤ ዓመት ሙሉ አብረው ተጫውተዋል፣ ምሳም አብረው ይበላሉ። አለባበስ ደግሞ ታውቃለች።

«ሴይኒ፣ ፏ ብለሻል» አለች፣ ጨርቁን በጣቶቿ እየዳሰሰች። «ይሄ ተራ ሱቅ አይደለም። የት ነው የተገዛው?»

ሴይኒ ያኔ የታያት የአውቶቡሱ የኋላ መስኮትና ካልሲ ላይ የተቀሰረው ጣት ነው።

«ከኦክላንድ ነው» አለች። «አክስቴ ናት የላከችልኝ።»

ውሸቱ ቀሎ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ስድስት ሰው ጠየቃት፣ ለስድስቱም ያንኑ መለሰች። በአገሪቱ ትልቋ ከተማ በኦክላንድ ግን አክስት የላትም።

ነገሩ እዚያው አልቆመም። ሐሙስ ዕለት የብሪዮኒ እናት ገበያ ላይ ካሊሲን አግኝታ፣ ለልጇም እንዲህ ያለ ካፖርት እንደምትፈልግ፣ የኦክላንዱን ሱቅ ስም ብትነግራት ደስ እንደሚላት ጠየቀቻት። ካሊሲ ግራ ቢገባትም ልጇን ማዋረድ አልፈለገችም፤ ሴይኒን ጠይቂያት ብላ አለፈች። ማታ በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለውን ሥጋ እያወጣች ይህንኑ አነሳች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የየትኛው ሱቅ ነው ብዬ ልመልስላት?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

ሴይኒ ሳህኗን አየች። አባባ ሴሚሲ ከቅጠሉ ቆርሰው ጎረሱና አላምጠው ዋጡ።

«ከሱቅ የመጣ ከመሰላቸው ስፌቱ ጥሩ ነው ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ። ደጋግመውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከልባቸው ይሁን እሷን ለማውጣት፣ ሴይኒ መለየት አልቻለችም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

ቅዳሜ የኔትቦሉ ጨዋታ ሳያልቅ ዝናብ ጣለ። የብሪዮኒ እናት መኪና ይዛ እስክትመጣ የሴይኒ ቤት ቅርብ ነበርና ሁለቱም እየሮጡ ወደዚያ ሄዱ። ሴይኒ አንዴ ለመዘግየት ሞከረች፣ ጫማዬ ተፈታ ብላ። ብሪዮኒ ግን ደጃፉ ላይ ቀድማ ደርሳለች።

ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ብርድ ልብስ ተዘርግቷል። አባባ ሴሚሲ ለካሊሲ ለሥራ የሚሆን ሰደርያ እየቆረጡላት ነበር። ያው ነጭ፣ ያው አረንጓዴ፣ ያው የሰናፍጭ መስመር። ብሪዮኒ ጠረጴዛውን አየች፣ ሴይኒ የለበሰችውን ካፖርት አየች፣ ከዚያ የሴይኒን ፊት።

አባባ ሴሚሲ መቀሱን አስቀምጠው ተነሱ፣ በሚያውቋት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል እንግዳዋን ሰላም አሉ። ከዚያ ሴይኒ ዘንድ መጡና ኮሌታዋን ገለበጡት። በአውራ ጣታቸው የግራውን ጠርዝ ለብሪዮኒ እያሳዩ በቶንጋኛ ተናገሩ።

«ይሄን ንገሪያት» አሉ ሴይኒን። «ይሄ ወገን ግማሽ ጣት ከፍ ብሏል። በሕይወቴ የሰፋሁት የመጀመሪያው ወፍራም ሱፍ ነው፤ ጨርቁን ገና እየተማርኩት ነበር። ቀጣዩ ቀጥ ይላል።» ኮሌታውን እያስተካከሉ ጨመሩ። «ወይም አንቺ የመሰለሽን ንገሪያት። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም።»

«ምን አሉ?» አለች ብሪዮኒ።

ሴይኒ ቶሎ አንድ መንገድ ታያት። ሱቁ ኮሌታውን አጣሞ ሰፍቶታል እያሉ ነው ብትል ያልቃል። አያቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የሌላ ሰው ስህተት አገኙ፣ ጨርቁም አንድ ዓይነት ሆኖ ተገጣጠመ። ብሪዮኒ ባታምናት እንኳ መከራከሪያ የላትም። አፏን ከፈተች።

አባባ ሴሚሲ ፊቷን እያዩ አልነበረም። ዓይናቸው ግማሽ ጣት ከፍ ያለው ኮሌታ ላይ ነበር፤ እንዴት እንደሚያስተካክሉት እያሰቡ። ሴይኒ እንኳን ግማሽ ጣት፣ ምንም ስህተት አይታበት አታውቅም ነበር። ለማያውቋት ልጅ፣ ሳይጠየቁ፣ የራሳቸውን ጉድለት በጣታቸው ያሳያሉ።

«አያቴ ናቸው» አለች ሴይኒ። «ይሄን ካፖርት የሰፋሁት እኔ ነኝ ይላሉ። የግራው ኮሌታ ግማሽ ጣት ከፍ ብሏል፣ የመጀመሪያ ሱፌ ስለሆነ ነው፣ ቀጣዩ ቀጥ ይላል፣ ይላሉ። ኦክላንድ የሚባል ነገር የለም። ይሄን እሳቸው አላሉም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርዳል። ብሪዮኒ እጇን ሰደደችና ኮሌታውን ነካች፣ ግራውን ከዚያ ቀኙን። ሁለቱን አመሳከረች።

«እኔ ልዩነቱ አይታየኝም» አለች ቀስ ብላ። «ግን እኮ ጓደኛሽ ነኝ። ለምን ዋሸሽኝ?»

አባባ ሴሚሲ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተመለከቱ።

«ምን አለች?» ሲሉ ጠየቁ።

ሴይኒ ወደ እሳቸው ዞረች፣ በቶንጋኛ፣ አንድም ቃል ሳታጎድል ተረጎመችላቸው።