የበኩሩ ስም

ታላክን ያገኘሁት በመቃብር ስፍራ ነው። ስለ ወንዶች ስሞች አመጣጥ የመመረቂያ ጥናት ልጽፍ ከተወለድኩበት የባሕር ደሴት ርቄ ወደ ሴተስዳል ሸለቆ መጥቼ፣ ከድሮ የመቃብር ድንጋዮች ላይ ስም እየገለበጥኩ ነበር። አንዱ ድንጋይ ፊት ተንበርክኬ «ታላክ ቢዮርጉልቭሰን» ብዬ ጻፍኩ።

«እኔ ነኝ» አለ ከኋላዬ አንድ ሰው።

ዘወር ስል ማጭድ የያዘ ረጅም ወጣት ቆሟል።

«ከሞትኩ መቶ ዓመት አልፎኛል። ሣሩን የሚያጭድልኝ ሲጠፋ ተነሣሁ።»

መሳቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ደንግጬ «ስምህ ከጥንቱ የነጎድጓድ አምላክ ከቶር የመጣ ነው። የቶር ጨዋታ ማለት ነው» አልኩት።

«አንቺ ሰላምታ የምትሰጪው እንዲህ ነው?»

በዚያው ሳምንት ወደ ቤታቸው ወሰደኝ። አባቱ ቢዮርጉልቭ ይባላሉ፤ ትርጉሙ መከታና ተኩላ ነው። አያቱ ታላክ፣ ቅድመ አያቱ ደግሞ ቢዮርጉልቭ ነበሩ። በዚያ ቤት በኩሩ የአያቱን ስም ይወስዳል፤ ከስሙም ጋር እርሻውን። ሰባት ትውልድ እንዲሁ ሲፈራረቅ ኖሯል። ለጥናቴ ትልቅ ሲሳይ ነበር። እየተመላለስኩ ጻፍኩ... ጽፌ ከጨረስኩ በኋላም መመላለሴን አልተውኩም።

በሁለተኛው ዓመት የታጨደ ሣር እንዲደርቅ እንጨት ላይ እየሰቀልን ሳለ «እዚህ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ?» አለኝ።

«እኖራለሁ።»

እንዲህ ተጫጨን፤ ሌላ ነገር አልተባባልንም።

እሑድ ገንፎ በልተን ስንጨርስ አባቱ ትንሽ የብር ጌጥ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የክርስትና ሸሚዝ አንገት ላይ የሚደረግ ነው፤ የቢዮርጉልቭ የመጀመሪያ ፊደል ተቀርጾበታል።

«እኔም ተጠምቄበታለሁ» አሉ። «ትንሹን ቢዮርጉልቭ እስክናቅፍ አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

ጌጡን አላነሣሁትም።

ወንድሜ ስታይናር ከሁለት ዓመት በፊት ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕር ውስጥ ቀርቷል። ከድንጋይና ከጦረኛ የተሠራ ስም ነው፤ በተሰበረች ጀልባ ላይ አልጠቀመውም። በእኛ ደሴት አዲስ የሚወለድ ልጅ ከሕያው ስም አስቀድሞ የሟች ዘመዱን ስም ይወርሳል። የመጀመሪያ ወንድ ልጄን ስታይናር እንደምለው ለእናቴ ቃል ገብቼላት ነበር። ታላክ ወንድሜ መሞቱን ያውቃል፤ ቃሌን ግን አልነገርኩትም። ስለ ወንድሜ ማውራት ስጀምር ወሬ እቀይራለሁ።

«ይህን መቀበል አልችልም» ብዬ ጌጡን ወደ እሳቸው ገፋሁት። በማግስቱ ምክንያቱን ሳልነግራቸው በአውቶቡስ ወደ ደሴቴ ሄድኩ።

በዚያ ሸለቆ የቤቱን የብር ጌጥ የመለሰች እጮኛ የቤቱን ልጅ ራሱን መለሰች ማለት ነው። ስለ ስሞቻቸው መቶ ሃያ ገጽ ጽፌ ይህን አላወቅኩም።

ታላክ ሦስት ሳምንት አልደወለም። እርሻውን መርጧል ብዬ አሰብኩ። በአራተኛው ሳምንት ወደ ደሴታችን በመጣው ጀልባ ላይ አየሁት። ፊቱ ገርጥቷል።

«ባሕር አይስማማህም» አልኩት።

«አይስማማኝም። ጌጡን ለምን መለስሽ?»

«የመለስኩት ስሙን ነው። አንተን አይደለም።»

«እኛ ጋ ልዩነት የለውም። እናቴ ምን አድርገሃት ነው እያለች አላስቀምጥ አለችኝ።»

ነገርኩት። እየተንተባተብኩ፣ ግን ሁሉንም ነገርኩት። ወደቡ ላይ ገመድ ክምር ላይ ተቀምጦ ሰማኝ።

«እርሻውስ?» አልኩ በመጨረሻ። «በሌላ ስም የወረሰው የለም።»

«አባቴን እንጠይቀው። አሁኑኑ ሄጄ እንዳልጠይቀው በዚህ ጀልባ ዛሬ አልመለስም።»

ደወለና ስልኩን ለሁለታችን እንዲሰማ አደረገው። እኔ ራሴ ነገርኳቸው።

«ወንድምሽ ስንት ዓመቱ ነበር?» አሉ።

«ሃያ ሦስት።»

«አገኛችሁት?»

«አላገኘነውም።»

ወንበራቸው ሲንቋቋ ተሰማኝ።

«ዮሩን፣ ልጄ፣ እኔ በሕይወት አለሁ። አሁን ቁርሴን በልቼ ተቀምጫለሁ። የበላ ሰው ከሟች ጋር ስም ይሻማል? ይህ በእኛም ነውር ነው።»

«እርሻውስ?»

«እርሻው የሚያርሰው ነው የሚፈልገው። ጌጡ ላይ ያለውን ፊደል አንጥረኛው ይፍቀው... አይ፣ ተዉት፤ የልጁን ስም ጀርባው ላይ ይጻፍበት። በእኔ ስም የሚጠራው ሁለተኛው ልጅ እኔ እስክሞት ይጠብቀኝ።»

«አባዬ፣ ታዲያ ሦስት ሳምንት ስሰቃይ ይህን ለምን አልነገርከኝም?» አለ ታላክ።

«ምን አውቄ? ሁለት የማይናገሩ ሰዎች ተፈላልጋችሁ ተገናኛችሁ!»

በሰኔ ተጋባን። በተከታዩ ዓመት ወንድ ልጅ ወለድን።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቄሱ ስሙን ሲጠይቁ ታላክ ተናገረ። ውሃው ሲነካው ልጁ እየጮኸ አለቀሰ፤ እኔ ላባብለው አልቻልኩም። እናቴ ከእቅፌ ወሰደችው። ባሕሩ ልጇን ከወሰደው ጀምሮ «እሱ» ነበር የምትለው፤ ስሙን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

«ስታይናር» አለችው። «በቃ፣ ስታይናር። ውሃ ብቻ ነው። ይኸው ይዤሃለሁ።»