ከወንዝ ማዶ የምትጣራው ሴት

አንድ ጊዜ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የማላውቃትን የሞተች ሴት ሆኜ ተናግሬአለሁ። ለቀልድ ነበር። ፊቷን ተሸፍና ከወንዝ ማዶ ሰው የምትጣራውን ሴት የማያውቅ በመካከላችሁ ማን አለ? ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዛሬ ግን እኔ ልንገራችሁ። መብራቱም ጠፍቷል፣ ጨረቃም የለችም። ጠጋ ጠጋ በሉ። ፊቴን ሳታዩ ብናገረው ይሻለኛል።

ጊዜው የክረምት መግቢያ ነው። ሰዓቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ወንዙ የሚወርድ ቀጭን መንገድ አለ። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይወርዳል። ማን ነው? በዚህ ሰዓት ወንዝ ምን ይሠራለታል?

አንዳርጌ ይባላል። የቅኔ ተማሪ ነው። አገሩ የአራት ቀን መንገድ ነው። ሦስት ዓመት ተማረ፤ ቅኔው ግን አልገባ አለው። ማታ የሰማው ጠዋት የለም። ጓደኞቹ፣ «አንዳርጌ፣ ይህን ወንፊት ጭንቅላትህን ለምን ለሴቶቹ አታውሳቸውም? ዱቄት ይንፉበት!» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል። ምን ያድርግ? እናቱ ስትሸኘው «ሳትማር እንዳትመለስ» ብላዋለች። ስትሞት እሱ እዚህ ነበር። መርዶው የደረሰው አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው። አልቀበራትም። እንግዲህ ባዶውን ተመልሶ መቃብሯ ላይ እንዴት ይቁም?

አባቴን ለመነው። አባቴ መሪጌታ፣ የቅኔ መምህሩ ነበር፤ አብሾ መስጠት ያውቃል። አብሾን ታውቁታላችሁ አይደል? በየጥጋጥጉ ከሚበቅለው፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው እሾሃም ከሆነው ከአስተናግር ነው የሚሠራው። አእምሮ ይከፍታል ይባላል። ስንቱን አሳብዶ እንዳስቀረ ግን አይወራም። አባቴ እምቢ አለ። አንዳርጌ እግሩ ላይ ወደቀ። አባቴ እሺ አለ።

የወሰደ ሰው ጨለማ ቤት ተዘግቶበት ይጠበቃል። ብርሃን ዓይኑን ያመዋል። አባቴ ጠባቂ አደረገኝና እንዲህ አለኝ፦

«ስሚ ልጄ። የሌለ ሰው ያናግራል። ያናግር። አንቺ ግን አትግቢበት። አለም አትበይው፣ የለምም አትበይው። ውኃ ስጪው፣ በሩን ጠብቂ፣ ዝም በይ።»

ከዚያ ወዲህ ከተማ ኖሬአለሁ፤ ብዙ አይቻለሁ። ጫት የቃመው ያለውን ነገር ሲያሳምረው፣ አረቄ የጠጣው ሲያዞረው አይቻለሁ። ሐሺሽ አጭሶ «ግድግዳው ተነፈሰ» የሚል ጎረምሳም አይቻለሁ፤ ግን ጭሱ እንደሆነ ራሱ ያውቃል፣ ይስቃል። አብሾ እንደዚያ አይደለም። አብሾ የወሰደ ሰው የሌለውን ያያል፤ ማየቱንም አይጠራጠርም። እኔና እናንተ አሁን እዚህ መቀመጣችንን እንደማንጠራጠረው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን አስቆኛል። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ዓይኑ በሙሉ ጥቁር ሆነ። የሌለ መጽሐፍ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጣቱን በደረቀ ምላሱ እየነካ ገጽ ይገልጣል። ከአየር ላይ ክር ይለቅማል። «ውኃ፣ ውኃ» ይላል፤ ስሰጠው ለጎኑ ሰው ያቀብላል። የጎኑ ሰው ማን ነው? ማንም የለም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ቀብር ሄደ። ብቻችንን ቀረን። አንዳርጌ ጭንቅላቱን ቀና አደረገ።

«በሩ ላይ ሰው አለ» አለ።

ውኃ አቀበልኩት።

«ባዶ እግሯን ናት።» አንገቱን አሰገገ። «ቀሚሷ ረጥቧል።» ጣቱን ቀሰረ። «እጇ... እጇን አውቀዋለሁ። ፊቷን ተሸፍናለች እንጂ።» ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ፣ «እማዬ፣ አንቺ ነሽ?» አለ።

እኔ ምን አደረግሁ? ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩና፣ ድምፄን አወፍሬ፣ «እኔ ነኝ ልጄ» አልኩ።

አለቀሰ። ያን ጊዜ ተውኩ? አልተውኩም።

«ፊትሽን ለምን ሸፈንሽው? ተቀይመሽኛል?»

«ወንዙን ተሻግረህ ስትመጣ እገልጥልሃለሁ።»

ይህን ቃል ከየት አመጣሁት? እስከ ዛሬ አላውቅም። አፌ ላይ መጣ።

በአራተኛው ቀን ነቃ። መጽሐፉን አያስታውስም፣ ክሩን አያስታውስም። አባቴ ደስ ብሎት ወደ ጉባኤው ወሰደው። አንዳርጌም ቆሞ ቅኔ ተቀኘ። ወንፊት ሲሉት የነበሩት ሁሉ «ይበል! ይበል!» ብለው ጮኹ። አብሾው ሠራ ተባለ። እኔም ተመስገን አልኩ።

በዚያው ማታ ወንዝ ወረደ። በማግሥቱም ወረደ። ዳር ላይ ይቆማል፣ ማዶውን ያያል፣ ሲጨልም ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ላይ ቆምኩበት።

«አንዳርጌ፣ እኔ ነበርኩ። ያናገርኩህ እኔ ነኝ። ስቀልድ ነው።»

ፈገግ አለ። «አንቺ ልጅ፣ የእናቴን ድምፅ የማላውቅ መሰለሽ?»

«እንካ ስማ እንግዲህ!» ብዬ፣ እዚያው ፊቱ ቆሜ፣ ድምፄን አወፍሬ «እኔ ነኝ ልጄ» አልኩት።

ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ጀርባውን ሰጠኝ። ወደ ወንዙ ዞረ። ፊቱ ሲበራ ከጎን አየሁት።

«ሰማሽ?» አለኝ። «ትጣራለች።»

ያን ማታ ለአባቴ መናገር ነበረብኝ። አስሮም ቢሆን ያስቀምጠው ነበር። ዱላውን ፈራሁ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲሆን፣ ነገ አልኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ደጋው ላይ ሲዘንብ ዋለ። ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ ወረደ፤ ጩኸቱ ቤታችን ድረስ ይሰማል። አንዳርጌ ጋቢውን ለብሶ ወጣ። እየሮጥኩ ተከተልኩት። ጭቃው አዳለጠኝ፣ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ። ስደርስ ዳር ላይ ቆሟል። ውኃው እግሩን ነክቶታል፤ የማዶው ገደል ጠቁሯል። ልይዘው አልደረስኩም። ባለኝ ኃይል ተጣራሁ።

«አንዳርጌ!»

ገደሉ ድምፄን ተቀበለ። ከማዶ፣ ወፍራም ሆኖ፣ የሴት ድምፅ፣ «አንዳርጌ!» አለ።

«መጣሁ እማዬ!» አለና ገባ።

ሬሳው አልተገኘም። ሰው፣ መንፈስ ጠራችው አለ። እኔም አዎ፣ ሰምቻታለሁ አልኩ። ፊቷን ተሸፍናለች ብዬ ያወራሁትም እኔ ነኝ። በዚያ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ እያላችሁ ልጆቻችሁን የምታስፈራሩባት ሴት ከእኔ አፍ ወጣች። ሌላ ሴት በዚያ ወንዝ የለችም። ኖራም አታውቅም።

መስከረም ላይ የአንዳርጌ አባት አራት ቀን ተጉዞ መጣ። ሽማግሌ ነው። እግሩን አጠብኩት። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ አሉ የጠበቅሽው። ለመሆኑ ምን ይል ነበር?» አለኝ። ውኃውን እያፈሰስኩ፣ «ምንም አላለም፣ አባቴ» አልኩት። መረቀኝ። በዚያው ዓመት ሞተ። አባቴም ሞቷል። አሁን የምነግረው ሰው የለኝም፤ እናንተ ብቻ ናችሁ። ሰላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ዛሬም ሰው ከሩቅ በስሙ መጥራት አልችልም።

እባካችሁ ይቅር በሉኝ።