ተኝቷል ነው የሚሉት

በክሊኒኩ በር ላይ «የመካንነት ሕክምና» ተብሎ ቢጻፍም፣ ወይንሸት «መካን» የሚለውን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም። ሥራዋ ማስተርጎም ነበር። ከህንድ አዳማ ድረስ የመጡት ዶክተር ናይር በእንግሊዝኛ የሚናገሩትን እሷ በአማርኛ ለሴቶቹ ታደርሳለች። መካኗን «ልጅ የዘገየባት» ትላለች። የከሸፈውን ሙከራ «ለጊዜው አልያዘም» ትለዋለች። ሽልና ጽንስ ለተምታታባቸው ደግሞ፣ መጀመሪያ ሽል ነው፣ ሲጠና ጽንስ ይሆናል እያለች እንደ እህት ታስረዳለች። ጠዋት ጠዋት የአልትራሳውንዱ ክፍል መጋረጃ ተጋርዶ፣ ማሽኑ እንደ ንብ ቀፎ እያጉረመረመ፣ ሆድ ላይ የሚቀባው ቀዝቃዛ ቅባትና የበረኪናው ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫ እየያዘ፣ በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ የሴቶቹን እጅ ይዛ ትቆማለች።

እሷም እዚያው አልጋ ላይ ተጋድማ ታውቃለች። ለዓመታት ተስላና መርፌ ተወግታ፣ ከእሷና ከባሏ ከገዛኸኝ የተገኘው ሽል ማህፀኗ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ፣ ዶክተሩ ማሽኑን ደጋግመው አዩ። በመጨረሻ የተናገሩትን ለገዛኸኝ የሚያስተረጉምለት ሌላ ሰው አልነበረም። «የሽሉ ከረጢት አለ» አለችው ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፤ «ውስጡ ግን ባዶ ነው።» ገዛኸኝ ኮፍያውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው የልጅ ነገር ተነሥቶ አያውቅም፤ የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ እንኳ አንዳቸው ተነሥቶ መስኮቱን ይዘጋል።

በበጋው መጨረሻ ከኢተያ የዝና የምትባል ቀጭን ሴት መጣች። ዶክተሩ ሆዷን እያዩ ቆዩና «ባዶ ከረጢት ነው» አሉ በእንግሊዝኛ፤ «ንገሪያት። ማህፀኗ መጠረግ አለበት።»

«ምን አሉ፣ እትዬ?» አለች የዝና። የወይንሸትን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።

ወይንሸት አፏን ከፈተች። «ተኝቷል ነው የሚሉት» አለች። «ገና ተኝቷል። ቤትሽ ገብተሽ እረፊ።»

የዝና የወይንሸትን እጅ አገላብጣ እየሳመች አለቀሰች። ዶክተሩ «ነገርሻት?» ሲሏት፣ ወይንሸት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ «ከቤተሰቧ ተማክራ ትመለሳለች» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ወይንሸት አልጋውን ልታነጥፍ ብትመለስ፣ የተዘጋው ማሽን ከሆዱ የልብ ምት ያሰማ ነበር፤ ፈጣን፣ እንደሚጋልብ ፈረስ ኮቴ ያለ ምት። ሶኬቱን ነቀለችው። ምቱ ትንሽ ቆየና ቆመ። በማግስቱ በክፍሉ ውስጥ የረጋ ወተት ሽታ ነበር፤ ወለሉ ቢታጠብም መስኮቱ ቢከፈትም የማይለቅ፣ ሞቅ ያለና ኮምጠጥ ያለ ሽታ። ጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ደብሪቱ መወልወያዋን ተደግፋ «ይኼ የሚነፋረቀው ልጅ የማን ነው?» ስትል ጠየቀች። በዚያ ሰዓት በክሊኒኩ ውስጥ ልጅ አልነበረም። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ግን ድንገት፣ አንዷም ሌላዋን ሳታይ፣ ጡታቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዙ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ የክሊኒኩን ቆርቆሮ ሲደበድበው ከዝናቡ ሥር ለወይንሸት ሌላ ድምፅ ይሰማት ጀመር፤ ወለሉን በመዳፍ ጠብ ጠብ እያደረገ የሚሳብ ነገር። መጋረጃውን ስትገልጥ ምንም የለም። አልጋው ላይ ግን አንሶላው ትንሽ ጎድጉዶ፣ እጇን ስታሳርፍበት ይሞቃል። አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ምሳ ሲበሉ፣ ገዛኸኝ ጉርሻውን ወጡ ላይ መልሶ ቀና አለ።

«ቅድም ጓዳ ውስጥ እሹሩሩ ስትዪ ልቤ ተሰበረ፣ ወይንሸት» አላት። «ተይው፣ እባክሽ።»

ወይንሸት ያን ጠዋት ገበያ ነበረች።

የዝና የተመለሰችው ሰማዩ በጠቆረበት አንድ ረፋድ ነው። ሆዷ እስከ ደረቷ ተወጥሯል፤ ፊቷ ግን ከስቶ ጉንጮቿ ገብተዋል። ዶክተሩ ደነገጡ። አስተኟትና መሣሪያውን ከዳር እስከ ዳር አመላለሱት። በማሽኑ ላይ የሚታየው ጥቁር ብቻ ነበር፤ ሽል የለ፣ ጽንስ የለ፣ ሌላው ቀርቶ ከረጢት የለ። «ምንም የለም» አሉ። «እውነቱን ንገሪያት።»

«የዝና» አለች ወይንሸት እያለቀሰች፤ «ይቅር በይኝ። ባዶ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ነቅቶ ከወጣ ቆየ። ይኼ የቀረው ጎሬው ነው» አለች የዝና በደከመ ድምፅ። «ዶክተሩ ሊጠርጉት እንደነበር ራሱ ነገረኝ፤ እናቴ ማናት እያለ ቢያስጨንቀኝ፣ እንዳትጠረግ ያተረፈችህ የክሊኒኳ እትዬ ናት አልኩት። እየመራ ያመጣኝ እሱ ነው። ሲጠራሽ ግን አቤት እንዳትዪ። እኔ አቤት ብዬው ነው እንዲህ የሆንኩት።» ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ጡቶቿ በነበሩበት ቦታ ቆዳዋ ከጎድን አጥንቷ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ተመጥጦ እንዳለቀ።

የመጋረጃው ጫፍ ተነቃነቀ። ከጉልበት ከፍ በማይል ቦታ ላይ ጨርቁ ወደ ውጭ አበጥ አለ፤ ከኋላው የሆነ ነገር ግንባሩን ያስደገፈበት ይመስል። አማርኛ የማያውቁት ዶክተር የዝናን ብድግ አድርገው በሩን በርግደው ወጡ። በእንግሊዝኛ «ነይ!» እያሉ ሲጣሩ ከኮሪደሩ ይሰማል። ወይንሸትም ደርሳ የበሩን እጀታ ጨበጠች።

«እማዬ» አላት ከኋላዋ፣ ጥርስ ባላወጣ አፍ።

ወይንሸት ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያም በሩን ከውስጥ ቀስ ብላ ዘግታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለማንም ሳታሰማው ባኖረችው ለስላሳ ድምፅ፣ «አቤት፣ ልጄ» አለች።