ድንቡሼ ዞር ስትል

ጠጋ በሉኝ ልጆች። የማወራችሁ ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ከሩቅ አይሰማም።

ድንቡሼ ሞለኪውል ናት። ሞለኪውል ከአሸዋ ታንሳለች፣ ከዱቄት ብናኝም ታንሳለች፤ በዓይን አትታይም።

ከሞለኪውሎች መሃል ግን ድንቡሼ ትልቅ ናት። ሆዷ ክብ ነው፤ ዙሪያዋን ስድስት እግር አላት።

የምትኖረው ትንሿ ቤዛዊት ወተት በምትጠጣበት የብረት ኩባያ ላይ ነው። ከእጀታው ሥር፣ ስፖንጅ የማይደርስበት ቦታ።

ብረት ለእኛ ልሙጥ ነው። ለድንቡሼ ግን ጎርበጥባጣ ነው፤ ገበያ ላይ እንደተደረደረ ብርቱካን።

ስድስቱም እግሮቿ በብርቱካኖቹ መሃል ገብተው ተቀርቅረዋል።

እናቷ ማዶ ናት፣ ከብረቱ ጠርዝ አጠገብ። አንድ ቀን ኩባያው ሲሞቅ እናቷም፣ ወንድሞቿም፣ እህቶቿም ተንሸራተው ሄዱ። ከቤተሰቡ ድንቡሼ ብቻ ቀረች።

«እማዬ፣ እየመጣሁ ነው» አለች ድንቡሼ። በየቀኑ እንዲህ ትላለች።

ከዚያ ወደ ፊት ትገፋለች። «እህ! እህ! እህ!»

ንቅንቅ የለም።

አጠገቧ እትዬ ደንዳኔ አሉ። አሮጊት ሞለኪውል ናቸው፤ እግራቸው ከገባበት ወጥቶ አያውቅም።

«ተይው ልጄ» አሏት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉኝ እኔም አምኜ ነበር። ይኸው እንቁላሉ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ።»

ድንቡሼ ከፋት። ግን እንደገና ገፋች። «እህ! እህ! እህ!»

ንቅንቅ የለም።

ቀኑ እየቀዘቀዘ መጣ። ብረት ሲበርደው ዝም ይላል፤ ላዩ ላይ ያሉትም ሁሉ አብረውት ዝም ይላሉ።

ድንቡሼም ዝም አለች። ብርዱ ከውጭ ነበር፤ ሐዘኑ ግን ከውስጥ ነበር።

አመሻሽ ላይ የቤዛዊት እናት ትኩስ ወተት ኩባያው ውስጥ ቀዳች። «እፍ እፍ እያልሽ ጠጪ፣ እንዳያቃጥልሽ» አለቻት።

ኩባያው ሞቀ። ብረቱ ከውስጥ ንዝር፣ ንዝር፣ ንዝር አለ።

«ልጄ፣ ቶሎ በይ» አለች የድንቡሼ እናት ከማዶ። «ወተቱ ካለቀ ብረቱ ይቀዘቅዛል።»

ድንቡሼ ባለ በሌለ ኃይሏ ገፋች። «እህ! እህ! እህ!»

ንቅንቅ የለም። በገፋች ቁጥር እግሮቿ ይብስ ጠለቁ።

ቤዛዊት ፉት አለች። ፉት። ፉት። ወተቱ ጎደለ።

«እህ! እህ! እህ!»

አሁንም ንቅንቅ የለም።

ድንቡሼ አለቀሰች። «በቃ፣ አልችልም» አለች። «እማዬ ጋ መቼም አልደርስም።»

እናትን እያዩ አለመድረስ በጣም ያማል። ስለዚህ ላለማየት ብላ ፊቷን መለሰች። ትንሽ ዞር አለች፤ ትንሽ ብቻ።

ዞር ስትል አንዱ እግሯ ከገባበት ወጣ። ሌላውም ወጣ። ስድስቱም ወጡ።

እግሮቿ አሁን ብርቱካኖቹ ጫፍ ላይ ናቸው። የሚይዛቸው ነገር የለም።

ሸርተተተት!

«ውይ፣ ምንድን ነው?» አለች ድንቡሼ። ብረቱ ንዝር ሲል ወደ ኋላ ሸርተት አለች። ንዝር ሲል ወደ ፊት ሸርተት አለች።

እናቷን ለማየት ቸኩላ ቀጥ ስትል ግን፣ ቀጭ! እግሮቿ እንደገና ተቀረቀሩ።

«ወደ እኔ አትዪ» አለች እናቷ። «ዞር እንዳልሽ ሁኚ።»

እናትን ሳያዩ ወደ እናት መሄድ ከባድ ነው። ድንቡሼ ፈራች። ቢሆንም ዞር አለች።

ሸርተት ወደ ኋላ። ሸርተት ወደ ፊት። ሸርተተተተት!

ጓ! አንድ ነገር ገጫት። ለስላሳ ነበር።

«አላየሁሽም እኮ፣ እማዬ» አለች ድንቡሼ።

«እኔ አይቼሻለሁ» አለች እናቷ፣ እቅፍ አድርጋት።

ቤዛዊት የመጨረሻዋን ፉት አለች። ወተቱ አለቀ።

ድንቡሼ ወደ ኋላ አየች። እትዬ ደንዳኔ ለብቻቸው ቀርተዋል።

«እትዬ ደንዳኔ፣ አይግፉ!» አለች። «ዞር ይበሉ፣ ትንሽ ብቻ።»

«አይ ልጄ፣ ለእኔ መሽቷል» አሉ እትዬ ደንዳኔ።

«ዞር ይበሉ» አለች ድንቡሼ። «ዞር ይበሉ» አሉ ወንድሞቿ። «ዞር ይበሉ» አሉ እህቶቿ።

ብረቱ እየቀዘቀዘ ነበር። እትዬ ደንዳኔ የተቀረቀሩ እግሮቻቸውን አዩ፤ ማዶ ያለችውን ድንቡሼንም አዩ። ከዚያ ትንሽ ዞር አሉ።

አንድ እግራቸው ወጣ። ሌላውም ወጣ። ስድስቱም ወጡ።

ሸርተት ግን አላሉም። ብረቱ ቀዝቅዞ ነበር።

ድንቡሼ ወደ እናቷ ጠጋ አለች። ከጎኗ ትንሽ ቦታ ትታ፣ «ይህ የእትዬ ደንዳኔ ነው» አለች።

ቤዛዊት ብርድ ልብሷ ውስጥ ገባች።

«እማዬ፣ ነገም ወተት አለ?»

«አለ እንጂ» አለች እናቷ፣ ኩባያውን መደርደሪያው ላይ እያስቀመጠች። «ትኩስ ወተት። አሁን ተኚ።»